ካፒታን ወይስ ቴኒየንቴ? የአንድ መቃብር እድሳት ማስታወሻ

ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሥራውን ጀመርን። ጀመርን ማለት እንኳ ይከብዳል። ሄደን አየነው፣ ደነገጥን፣ ተመለስን።

ያለነው ፊሊፒንስ፣ ባታንጋስ ክፍለ ሀገር፣ ታል ከተማ ነው። የባለቤቴ አገር። እኔና እሱ የተዋወቅነው ዱባይ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ስንሠራ ነው። የዘንድሮውን ረጅም ፈቃድ ቤተሰቡ ጋ እያሳለፍን ነው። ኖቬምበር 1 ኡንዳስ ነው። ያን ቀን አገሩ ሁሉ ወደ መቃብር ይወጣል። ሻማ፣ አበባ፣ ምግብ፣ አንዳንዱ ካርታ ሳይቀር ይዞ ከሙታኑ አጠገብ ያመሻል። የሚያድርም አለ። ስለዚህ አራት ሳምንት ብቻ ነው ያለን።

የምናድሰው የባለቤቴን ቅድመ አያት መቃብር ነው። በታጋሎግ ቅድመ አያት «ሎሎ ሳ ቱሆድ» ይባላል፤ የጉልበት አያት እንደ ማለት። ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ የውስጥ እግር አያት ነው። ትውልዱ ወደ ላይ ሲቆጠር አካሉ ወደ ታች ይወርዳል። እኛ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንጅላት እያልን ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ባለቤቴን «አንተስ እስከ ስንት ትቆጥራለህ?» ብለው ጉልበት ላይ ቆመ።

መቃብሩ ከመሬት በላይ የተሠራ፣ ወገብ የሚደርስ ሣጥን መሳይ ግንብ ነው። ድንጋዩን አዶቤ ይሉታል። የጭቃ ጡብ እንዳይመስላችሁ፤ ከእሳተ ገሞራ አመድ የረጋ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ፊቱ ላይ የትሪ ስፋት ያላት እብነ በረድ አለች፤ ላፒዳ ትባላለች። ጠቁራለች፣ የድንጋይ ሽበት ወርሷታል። ከጽሑፉ የሚነበበው «19» ብቻ ነው። በጃንዋሪ 2020 የታል እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሰዉ ከተማውን ለቆ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ድንጋይ ያጠበ ሰው ያለ አይመስልም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የአማቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ቲቶ የምንላቸው፣ አብረውን ነበሩ። «ካፒታን ነበሩ እኮ» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ስሙ ላይ ካፒታን የሚል መጨመር አለበት።»

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ካፒታን የሚለውን እንዴት እንደማስረዳት ጠፋኝና «ጭቃ ሹም በይው» አልኳት። «ጭቃ ሹም? እንግዲያማ ጠላትም ነበራቸዋ!» አለችኝ።

ኦክቶበር 5፣ እሑድ

ሎላ፣ የባለቤቴ አያት፣ 89 ዓመታቸው ነው። የሟቹ የመጨረሻ ልጅ ናቸው። ጠዋት እጃቸውን ይዤ ግንባሬን አስነካሁ። እዚህ ታላቅ ሰው ሰላም የሚባለው እንዲህ ነው። እኛ ጉልበት እንደምንስመው። እሳቸው «ኢኔንግ» ይሉኛል፣ እኔ በየንግግሬ ጫፍ «ፖ» እጨምራለሁ። የነሱ አንቱታ በዚች ቃል ነው።

ቡና ቀረበ። ባራኮ ይሉታል። ሊቤሪካ ከሚባለው ዝርያ ነው፤ የኛው አረቢካ አይደለም። ሽታው ከባድ፣ ጣዕሙ ጉልበተኛ ነው። ሎላ በልጅነታቸው ሩዝ ላይ አፍስሰው ይበሉት እንደነበር ነገሩኝ። ይህን ሰምቼ ዝም አልኩ። ጎረቤታችን ሊፓ በ1880ዎቹ በቡና የከበረች ከተማ ነበረች። በ1889 ግን የቅጠል ዋግ ገባና እርሻውን ጨረሰው። ሟቹ የተወለዱት ሀብቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ወሬው ወደ አባታቸው ዞረ። ደመወዝ አልነበራቸውም። ሰው ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት፣ የእርሻ ጎሽ ሲጠፋ፣ ሁለት ጎረቤት በወሰን ሲጣላ፣ ሁሉም የሚመጣው እነሱ ደጃፍ ነበር። መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥ ሰው የሚያስወጡት እሳቸው ናቸው። የሎላ እናት በዚህ ይማረሩ ነበር። ለባለጉዳይ የሚቀቀለው ሩዝ ከቤታቸው ነዋ።

«አባቴ ሹም ነበሩ» አሉ ሎላ፣ «የምታበላው ግን እናቴ ነበረች።»

ይህችን ወዲያው ጻፍኳት። ከዚያ «ካፒታን ነበሩ አይደል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ካፒታን? ማነው ያለሽ? ቴኒየንቴ ነበር የሚሏቸው።»

ቴኒየንቴም የሹም መጠሪያ ነው፣ ግን ሌላ ማዕረግ ነው። ችግር ተጀመረ።

ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ

የባለቤቴ የአጎት ልጅ አንድ ጠርሙስ ሙሪያቲክ አሲድ ይዞ መጣ። እዚህ ለሽንት ቤት ወለልም፣ ለመቃብርም የሚጠቀሙበት እሱን ነው። እኔ ሆቴል ውስጥ የእብነ በረድ ወለል ያየሁ ሰው ነኝና እምቢ አልኩ። አልተስማማም። እሺ፣ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ ሞክር አልነው። እንደ ተከፈተ ኮካ ፈላ። ስናጥበው ጥቁሩ ሄዷል፣ አብሮት ግን ልስላሴውም ሄዷል። ጣት ሲያልፍበት ስኳር የፈሰሰበት ይመስላል። እብነ በረድ ከኖራ ወገን ነው፣ አሲድ ይበላዋል። ልጁ ጠርሙሱን ከደነና «ደግ ነገር ነው ያልሽው» አለ። ጥጓ ግን እንደተጎዳች ትቀራለች።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

ያለ አሲድ ማጠብ ትዕግሥት ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ድንጋዩን በውሃ ማርካት፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ ሽበቱን በቀርከሃ ስንጥር መፋቅ፣ በጥርስ ብሩሽና በጥቂት የዕቃ ሳሙና ማሸት፣ ብዙ ውሃ ማፍሰስ። የሽቦ ብሩሽ ክልክል ነው። ሦስት ዙር ሄድን። ከሰዓት ዝናብ መጣና የመጨረሻውን ማጠብ እሱ ሠራልን።

ድንጋዩ ነጭ አልሆነም። የሻይ ወተት የመሰለ መልክ ወጣው። ደስ ብሎኛል።

ኦክቶበር 12፣ እሑድ

ፊደሎቹ ጥልቀት ቢኖራቸውም ቀለማቸው ስለጠፋ ፀሐይ ላይ አይታዩም። ማታ ተመልሰን ሄድን። የስልክ መብራት ከጎን፣ ከድንጋዩ ጋር አስጠግቶ ሲያበሩት እያንዳንዱ ፊደል ጥላ ይጥላል። ባለቤቴ ሲያበራ እኔ ጻፍኩ። መቃብር ውስጥ በጨለማ አጎንብሶ መጻፍ አገሬ ቢሆን ኖሮ ምን ያስብለኝ እንደነበር አላውቅም። እዚህ ጠባቂው አልፎ ሄደና ትንሽ ቆይቶ ወንበር አመጣልን።

የተጻፈው ይህ ነው። ስማቸው። የልደት ዓመት 1897፣ የሞት ዓመት 1957። «ሱማላንጊት ናዋ»፣ ማለትም ሰማይ ቤት ይግቡ። ከታች «የወላጅ አልባዎቹ መታሰቢያ»።

ማዕረግ የለም። ካፒታንም የለም፣ ቴኒየንቴም የለም። ቲቶን አሳየኋቸው። «ለዚህ እኮ ነው አዲስ የሚያስፈልገው» አሉ።

ድርድሩ እንዲህ አለቀ፦ አሮጌዋን ላፒዳ ማንም አይነካም። ከስሯ አንዲት ትንሽ አዲስ እብነ በረድ ትጨመራለች። ምን እንደሚጻፍባት የሚወስነው ማስረጃው ነው። ማስረጃ ፍለጋው በእኔ ላይ ወደቀ። የውጭ አገር ምራት መሆን ይሄ ነው። ሁሉም ገለልተኛ ናት ይልሻል።

ኦክቶበር 15፣ ረቡዕ

የዛሬው ሥራ ያለ ውሃና ያለ ብሩሽ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ዋልኩ።

መጀመሪያ የጥምቀት መዝገብ። ከ1930ዎቹ በፊት ያለው የቤተሰብ ታሪክ በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ ነው። የአገሪቱ የልደትና የሞት ምዝገባ ሕግ የወጣው በ1930 ነውና። የታጋሎጎች የድሮ የጥምቀት መዝገብ አንድ ጉደኛ ልማድ አለው። ወላጆቹን ጽፎ ሲያበቃ «ከዶን እገሌ ባራንጋይ» ብሎ ይጨምራል። በስፔን ዘመን ባራንጋይ ማለት ሰፈር ብቻ ሳይሆን ከ40 እስከ 50 የሚሆን የግብር ከፋይ ቤተሰብ ነበር። አለቃው ካቤሳ ደ ባራንጋይ ይባላል። ግብሩን ይሰበስባል። የጎደለ እንደሆነ ከራሱ ኪስ ይሞላል። እናቴ ስለ ጠላት የተናገረችው ትዝ አለኝ፤ ባለ ዕዳ ጎረቤትና ተጠያቂ ሹም እንዴት ይዋደዳሉ?

ቲቶ «ከስፔን ጀምሮ መኳንንት ነን» ሲሉ ኖረዋል። መዝገቡ ግን ሕፃኑን የሌላ ሰው ባራንጋይ ውስጥ ነው ያስገባው። ግብር ከፋዮች እንጂ ግብር ሰብሳቢዎች አልነበሩም። ለቲቶ እንዴት እንደምነግራቸው እያሰብኩ ነው።

ወደ ላይ ብዙ አልሄድኩም፣ ስሙ ጠፋብኝ። ምክንያቱ ያለው 1849 ላይ ነው። ያኔ ገዢው ናርሲሶ ክላቬሪያ ለሕዝቡ የቤተሰብ ስም ይታደል ብሎ አዘዘ። ከዚያ በፊት ወንድማማቾች የተለያየ ስም ይዘው ይዞሩ ስለነበር ግብር ለመሰብሰብ አስቸገረ። ረጅም የስም ዝርዝር ለየክፍለ ሀገሩ ተላከ። በአልባይ ክፍለ ሀገር ኦአስ የምትባል ከተማ አለች፤ የሰዉ የቤተሰብ ስም እስከ ዛሬ በብዛት በአር ፊደል ይጀምራል። የኛ የአባት ስም በየትውልዱ ስለሚለወጥ ፈረንጆች ግራ ይጋባሉ። ግን ስም በስም እየያዝሽ ወደ ላይ መውጣት ትችያለሽ። እዚህ መሰላሉ 1849 ላይ ይሰበራል።

ከዚያ ዋናው ግኝት። ጦርነቱ ብዙ ሰነድ በልቷል። በ1945 ማኒላ ስትቃጠል ስንቱ መዝገብ አብሮ ሄደ። በዲሴምበር 1951 ፕሬዚዳንት ኪሪኖ የየመንደሩ ታሪክ ይሰብሰብ ብለው አዘዙ። ሥራው ለመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ተሰጠ። አስተማሪዎቹ ሽማግሌ እየጠየቁ፣ የመንደሩን ስም አመጣጥ፣ ተረቱን፣ ጦርነቱን፣ የሹሞቹንም ስም በታይፕ ጻፉ። ወረቀቶቹ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ፣ ፎቶ ተነሥተው በኮምፒውተርም ይነበባሉ። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ታይፑ ጥርሱ የወለቀ ነው። የኛን መንደር አገኘሁ። «ቴኒየንቴ የነበሩ» ከሚለው ሥር ስድስተኛው እሳቸው ናቸው። አንዲት ፊደል ተሳስቷል፣ ዓመት የለውም። ግን እሳቸው ናቸው። ባለቤቴን ጮኬ ጠራሁት።

ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ

ቲቶ ሰነዱን በመነጽር አዩት። «ቴኒየንቴ ማለት ካፒታን ማለት ነው» አሉ።

አይደለም። ቅደም ተከተሉን በወረቀት አወጣሁላቸው። በስፔን ዘመን ካፒታን የሚባለው የከተማው ገዢ ነበር፤ ከመንደር በላይ ነው። በአሜሪካኖች ጊዜ መንደሩ ባሪዮ ይባል ነበር፣ ሹሙም ቴኒየንቴ። ደመወዝ አልባ፣ ከላይ የሚሾም። የባሪዮ ሹም በሕግ ካፒታን የሆነው በ1963 ነው። ባሪዮው ራሱ ወደ ባራንጋይነት የተመለሰው በ1974፣ በማርኮስ ጊዜ ነው። ዛሬ ከ42,000 በላይ ባራንጋይ አለ፣ እያንዳንዱም ካፒታን አለው። ሰዉ «ካፕ» ብሎ ያሳጥረዋል። እኚህ ሰውዬ ግን የሞቱት በ1957። ከሞቱ ከስድስት ዓመት በኋላ በመጣ ማዕረግ እንዴት ይጠሩ?

ቲቶ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ሰዎች ግን ቴኒየንቴ ምን እንደሆነ አያውቁም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የመንደሩ ልጆች ቴኒየንቴ ሲባል ወታደር ነው የሚመስላቸው።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

የግንቡ ስንጥቅ። ግንበኛው ሲሚንቶ ይዞ መጣ። አዶቤ ለስላሳ ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይተፋል። ሲሚንቶ ግን አያስተነፍስም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ድንጋዩን ይዞት ይረግፋል። ከዚህ በፊት የተጠገነው ጎን ላይ በዓይናችን አየነው፤ ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ተላቆ ቆሟል። ስለዚህ በአፖግ አደረግነው። አፖግ ኖራ ነው። አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ። ስንጥቁን አርጥቦ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ እርጥብ ጆንያ ማልበስ። የጎንደር ግንብም በኖራ ነው የቆመው ብዬ ለግንበኛው ነገርኩት። ፎቶ አሳየሁት። ሥራውን አቁሞ ብዙ አየው።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ሎላ ከቤት መሠዊያው ኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ታምቡሊ። የጎሽ ቀንድ ነው፣ ጫፉ ተቆርጦ አፍ ተበጅቶለታል። አባታቸው ሰው የሚጠሩት በዚህ ነበር።

አዲስ አበባ ልጅ ሆኜ የእድር ጡሩንባ ነፊ ሌሊት ሰፈሩን ሲዞር እንቅልፌ ይበር ነበር። ለሎላ ይህን ነገርኳቸው። «ለሞት ብቻ?» አሉኝ። ለሞት ብቻ። የሳቸው አባት ለሁሉም ነበር የሚነፉት። አንድ ረጅም ከሆነ ለሥራ ውጡ ነው። አጭር አጭር ከሆነ እሳት ነው።

ከዚያ ያልጠየቅሁትን ነገሩኝ። ፌብሩዋሪ 1945፣ ሎላ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጃፓኖች በባታንጋስ ከተማ ለከተማ ሕዝብ ይጨፈጭፉ ነበር። ባዋን ውስጥ ሰውን ሰብስበው የፈጁት በዚያው ወር 28 ነው። ታልም ውስጥ እንዲሁ ሞት ነበር። አባታቸው በዚያን ቀን ታምቡሊውን አልነፉም። ከቤት ቤት በእግራቸው ሄደው በሹክሹክታ ወደ ጅረቱ ውረዱ አሉ። «ቢነፉ ኖሮ ወታደሮቹም ይሰሙ ነበር» አሉ ሎላ። ቀንዱን መልሰው ጠቀለሉት።

ዛሬ ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ኦክቶበር 22፣ ረቡዕ

ፊደሎቹን በጥቁር ኢናሜል ሞላሁ። ቀጭን ብሩሽ፣ የማይንቀጠቀጥ እጅ። ሁለተኛው አልነበረኝም። የወጣውን ቀለም ወዲያው በጨርቅ ጠረግኩ። ስህተቴ ይሄ ነው። ድንጋዩ ታጥቦ ቀዳዳው ክፍት ነው፣ ቀለሙን ጠጣው። «ሱማላንጊት» የሚለው ዙሪያ ጥቁር ደመና ሆነ። ላለቅስ ነበር።

መድኃኒቱን የነገረኝ ጠባቂው ነው። የሕፃን ፓውደር በቲነር ለውሶ እንደ ሊጥ መለጠፍ፣ በላስቲክ ሸፍኖ ማሳደር። ፓውደሩ ሲደርቅ ቀለሙን ይስባል። ሁለት ሌሊት ፈጀ። ዘጠና በመቶው ወጣ። ቀሪውን ጥላ ነው እንበል። ሁለተኛውን ዙር ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቄ ትርፉን በምላጭ ፋቅሁት። እሱ ነው ትክክለኛው።

ኦክቶበር 24፣ ዓርብ

አዲሷ እብነ በረድ ታዘዘች። ድንጋዩ ከሮምብሎን ደሴት የመጣ ነው። የአገሪቱ ስመ ጥር እብነ በረድ የሚወጣው እዚያ ነው። ቀራጩ ጋ የምትጻፈውን በወረቀት አስረክበን ወጣን፦ «ቴኒየንቴ ዴል ባሪዮ»። ከሥሩ ሎላ የመረጧት አንዲት መስመር፦ «የምታበላው እሷ ነበረች»፣ ከዚያም የሚስታቸው ስም። ሎላ ይህን ካልጨመራችሁ አልሄድም ብለዋል።

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

ድንጋዩን ልንረከብ ሄድን። ቁርጥ ያለ፣ ያማረ ቅርጽ። «ካፒታን» ይላል።

ቀራጩ ግራ ገባው። «ትናንት ስልክ ተደውሎ ታርሟል ተባልኩ እኮ» አለ። ባለቤቴና እኔ ተያየን። የደወለው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም።

አዲስ ለማዘዝ ጊዜ የለም፣ ኡንዳስ ሲቀርብ ቀራጮቹ ሁሉ ተጨናንቀዋል። ቤት ገብተን ቲቶ ፊት ተቀመጥን። እሳቸው ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ማለት ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረዋል። አማቴ ቆጣ አለች። ሎላ ግን ሳቁ። «ድንጋይ ጀርባ የለውም እንዴ?» አሉ።

ኦክቶበር 30፣ ሐሙስ

ጀርባው ተለሰለሰ፣ ተቀረጸ። ለእጅ ሥራው ብቻ ከፈልን። ከሰዓት በኋላ በኖራ ለጠፍነው። «ቴኒየንቴ» ወደ ሰው፣ «ካፒታን» ወደ ግንቡ ዞረ። ቲቶ ራሳቸው ድንጋዩን ደግፈው ያዙ። ከመለጠፉ በፊት በኪሳቸው መሐረብ የካፒታኑን ፊት አቧራውን ጠረጉ።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ ሰው ነው። ሲኑክማኒ በትሪ መጣ፤ በኮኮናት ወተትና በስኳር የተሠራ ሩዝ ነው። ሻማው እንዳይንጠባጠብበት በላፒዳው ፊት ቆርቆሮ አኖርኩ። ልጆች የቀለጠ ሰም እየለቀሙ ኳስ ይሠራሉ። ከኛ መቃብር ብዙ አላገኙም፣ ተቀየሙኝ።

ማታ ሎላ ታምቡሊውን ለትልቁ የልጅ ልጅ ሰጡት። እኔም ሞክሬ ነበር፣ እንደ ጉንፋን ያዘው ሰው ነው የነፋሁት። እሱ ሦስተኛው ላይ አወጣው። አንድ ረጅም። አጠገባችን ያሉ ቤተሰቦች ዞር አሉ። አንዲት ሴትዮ በሳህን ሩዝ ይዛ መጣችና «ምንድን ነው ሥራው?» አለች።

ቲቶ ወንበር ሰጧት። ድንጋዩን እያሳዩ ቴኒየንቴ ምን እንደሆነ ያስረዱ ጀመር። ከኔ ወረቀት ላይ ያለውን ሁሉ፣ ዓመቱን ሳይቀር። ሲጨርሱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከኋላው ግን ካፒታን ነው።»